ወራጅ አለ፤ ግን ከስንተኛው ዙር?

ወንበር ያላገኛችሁ ከኋላ ያለውን አግዳሚ ሳብ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ንግግሬ አጭር አይደለም፣ ቆማችሁ አትዘልቁትም።

ዛሬ ወሩ በገባ 25 ነው። አዘጋጆቹ መጀመሪያ የያዙት ቀን ትናንት ነበር። «በ24፣ ተክለ ሃይማኖት ላይ፣ ሰው በሰዓቱ ይደርሳል ብላችሁ ነው?» ብዬ አዛወርኩት። በየወሩ በ24 ይህ አደባባይ ነጠላ በለበሰ ሰው እንደሚሞላ የሰፈሩ ልጆች ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 24 እና ነሐሴ 24 ሲሆን ደግሞ፣ የጻድቁ ልደትና ዕረፍት ነውና፣ ታክሲውም አደባባዩን መዞር ትቶ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዛሬው ነገራችን ዙር ነው። በዓመት ውስጥ ወር፣ በወር ውስጥ ቀን እንደሚዞረው፣ ዙር በዙር ውስጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውስጠኛው ዙር ሆኖ ወደ ውጭ መውጣት።

ግብዣው ላይ የተጻፈው «በሼል ስክሪፕት ሜኑ ውስጥ የተደራረቡ ሉፖችን መቆጣጠር» ይላል። ርእሱን ያየ አንድ ወዳጄ «ይህ ዲስኩር ነው ወይስ ቅጣት?» አለኝ። ከተግባረ እድና ከንግድ ሥራ የመጣችሁ ተማሪዎች ቃላቱን ታውቋቸዋላችሁ። ከሰፈር የመጣችሁ እናቶችና አባቶች ግን ስልካችሁን አውጡ፤ ከዚያ እንጀምራለን።

ኮከብ 127 መሰላል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የሚዳሰስ ስልክ የሌለው ሰው ገንዘብ የሚልከው በዚች በር ነው። የንግድ ባንክ ደንበኞች ደግሞ ኮከብ 889 መሰላልን ታውቋታላችሁ። ትደውላላችሁ፣ ዝርዝር ይመጣል። ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ ሌላ ዝርዝር ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ መሳሳታችሁ ይገባችኋል። አሁን ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ኋላ ትላላችሁ ወይስ ከነጭራሹ ትወጣላችሁ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ፣ አብዛኛው ሰው ሁለቱንም አያደርግም። ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ሁሉንም ይዘጋና እንደገና ከኮከብ ይጀምራል። እኔም እንደናንተው ነኝ፣ ያውም ሥራዬ ሜኑ መጻፍ ሆኖ። ሜኑው «ተመለስ» ሲለን ወዴት እንደሚመልሰን አናምነውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህ አገልግሎት ዩኤስኤስዲ ይባላል። አንዱ መልእክት የሚይዘው 160 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ፣ ሰባት ሰባት ቢት ተጨምቆ፣ 182 ፊደል ይገባበታል። በእኛ ፊደል ከተጻፈ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይበላል፤ ስለዚህ የሚገባው 80 ብቻ ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚይዝ ጥቂት ይካካሳል እንጂ አይሞላም። በአንድ ገጽ ያልገባ ምርጫ ወደ «ቀጣይ» ይገፋል፣ ወይም ወደ ሌላ የውስጥ ሜኑ ይወርዳል። ስለዚህ በአማርኛ ሜኑ የሚሠራ ሰው በእንግሊዝኛ ከሚሠራው ይልቅ ጥልቀት ውስጥ ይገባል፤ መውጫውንም የበለጠ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

እኔ የኖርኩበት ሜኑ ግን ከዚህም የደኸየ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ። ሼል ማለት በእናንተና በኮምፒውተሩ መካከል ቆሞ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ነው፤ እልፍኝ አስከልካይ በሉት። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ከመንገር በወረቀት ጽፋችሁ ስትሰጡት ያ ወረቀት ስክሪፕት ይባላል። ሜኑ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ማለቂያ የሌለው ዙር፣ ሉፕ የሚሉትን፣ ትከፍታላችሁ፤ ዋይል ትሩ ይባላል። በውስጡ ምርጫዎቹን ታትማላችሁ፣ የተጫኑትን ቁጥር በሪድ ታነባላችሁ፣ በኬስ ደግሞ «1 ከሆነ ይህን፣ 2 ከሆነ ያንን» ትላላችሁ። ዙሩ እንደገና ከላይ ይጀምራል።

ኬስ የሚዘጋው በኢሳክ ነው። ይስሐቅ የሚባል ሰው የለበትም፤ ኬስን ገልብጠው ነው የጻፉት። «ይህ ከሆነ» የሚለው ኢፍም እንዲሁ ተገልብጦ በፊ ይዘጋል። ይህን ያመጣው ስቲቭ ቦርን ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው ሼል የእሱ ሥራ ነው፤ ልማዱም ከአልጎል 68 የመጣ ነው። በዚሁ ደንብ ቢሆን በዱ የተከፈተ ዙር በኦድ መዘጋት ነበረበት። ግን ኦድ የሚባል ሌላ ትእዛዝ ቀድሞ ስለነበረ ቦታው ተይዟል፤ ስለዚህ በደን ይዘጋል። እንግዲህ ኮምፒውተርም ዘንድ ስም ቀድሞ የያዘ ሰው አይነቀልም።

ወደ ዙሩ እንመለስ። ከዙር መውጫው ብሬክ ይባላል። በዚህ ቃል ተማሪዎቼ ሁሌ ይሳሳታሉ። ቢሮ ውስጥ ብሬክ ማለት የሻይ ሰዓት ነው። ሌላው ደግሞ ከመኪናው ጋር ያያይዘዋል። ከዚህ ወደ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ፍሬን ሸራ የሚሸጥላችሁ አታጡም፤ ግን የእኛ ብሬክ ፍሬን አይደለም። ፍሬን መኪናውን ያቆማል፤ ብሬክ ፕሮግራሙን አያቆምም፣ ከዙሩ ብቻ ያወርዳል። ትክክለኛ ትርጉሙን የታክሲ ተሳፋሪ ያውቀዋል፦ «ወራጅ አለ!» ታክሲው መንገዱን ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ወርዳችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። ኮንቲኒዩ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ «ይህን ዙር ተወውና ከአዲሱ ጀምር» ማለት ነው። በሜኑ ውስጥ ሰው 7 የሌለበት ዝርዝር ላይ 7 ሲጫን የምትጠቀሙበት እሱን ነው።

አሁን ታክሲ በታክሲ ውስጥ አስቡ። ሊሆን አይችልም፤ በሼል ግን ይሆናል። ይህን የተማርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ስሙ ይቆየን። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ዕቃ ሲገባ የሚቆረጠውና ሲወጣ የሚቆረጠው። እኔ በጻፍኩት ስክሪፕት ዋናው ሜኑ 1 ሞዴል 19፣ 2 ሞዴል 22፣ 3 ሪፖርት፣ 9 መውጫ ይል ነበር። ሞዴል 19 ውስጥ ስትገቡ ሌላ ሜኑ አለ፦ 1 አዲስ ቅጽ፣ 2 ማረሚያ፣ 0 ተመለስ። አዲስ ቅጽ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ዙር አለ፤ ዕቃ በዕቃ እያስገባችሁ ስትጨርሱ 0 ትላላችሁ። ሦስት ዙር፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ስሄድ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለመውጣት 0፣ 0፣ 9»። ለብዙ ዓመት በሙያዬ ላይ የተጻፈ ትችት ሁሉ ከዚህች ወረቀት አይበልጥም። የመጨረሻውን ዕቃ ሲጨርሱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ቤታቸው መሄድ። እኔ ግን ከሦስቱም ዙር በየተራ እንዲወርዱ አድርጌአቸዋለሁ። ታክሲው ከበር እስከ በር «ወራጅ አለ» እያስባለ።

ለዚህ የሼሉ መልስ አጭር ነው። ከብሬክ በኋላ ቁጥር ይጻፋል። ብሬክ 2 ከሁለት ዙር ያወጣል፣ ብሬክ 3 ከሦስት። ቁጥሩ የሚቆጠረው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ እናንተ ካላችሁበት ዙር አንድ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ያሉት ዙሮች ሦስት ሆነው ብሬክ 10 ብትሉ አይቆጣም፤ ከሁሉም ያወጣችኋል። ብሬክ 0 ግን አይቀበልም። ኮንቲኒዩም እንዲሁ ቁጥር ይወስዳል፤ ኮንቲኒዩ 2 ማለት የውስጡን ዙር ትተህ የውጭውን ከራሱ ጀምር ነው።

በተራ ብሬክና በኮንቲኒዩ 2 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን ጠረጴዛ እየመታሁ አስተምረዋለሁ። ተራ ብሬክ ከውስጡ ዙር አውጥቶ ከሥሩ ያሉትን መስመሮች ያስኬዳል። ኮንቲኒዩ 2 እነዚያን መስመሮች ዘልሎ ወደ ውጭው ዙር ራስ ይሄዳል። ብሬክ 3 ደግሞ በሁለቱ የውስጥ ዙሮች ሥር ያለውን ሁሉ ይዘላል። የእኔ ስክሪፕት ከሦስተኛው ዙር በታች ምን ነበረው? ቅጹን በፋይል የሚያስቀምጠው መስመር። መጀመሪያ ብሬክ 3 ስጽፍ ተጠቃሚውን በሩ አደረስኩት፤ ዕቃውን ግን ውስጥ ተውኩት። ደግነቱ ለራሴ ስሞክረው ነው ያየሁት። የሚቀመጠውን ቀድሞ አስቀምጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው መውጣት።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ቢረዝምብኝ ይቅርታ።

እዚህ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ቢኖር ከእኔ በተሻለ ስለ ተደራራቢ ዙር ያስተምራችኋል። የዘመን ቆጠራችን የተሠራው በዙር ነው፣ ዙሩም ስም አለው፦ ዐውድ። ዐውደ ዕለት ሰባት ቀን ነው። ዐውደ ወርኅ አለ፣ ዐውደ ዓመት አለ። ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት ነው፤ የፀሐይና የጨረቃ ቆጠራ የሚገናኙበት። ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ የዕለትና የወንጌላዊ ቆጠራ የሚገናኙበት። ዐውደ ማኅተም 76፣ ማለትም 19 በአራቱ ወንጌላውያን ተባዝቶ። ዐውደ ቀመር 532፣ ማለትም 76 በሰባቱ ዕለታት ተባዝቶ። የዓመቱን ሒሳብ ሲያወጡም ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባሉ። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 69 ይተርፋል። 69 ለ76 አይደርስም። ለ19 ሲካፈል 3 ደርሶ 12 ይተርፋል። ከዚያ አንድ ይቀነሳል፤ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ አበቅቴው 1 ነው። መጥቅዑ 29። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው።

ያቺን የምትቀነሰውን አንድ ልብ በሉ። ፕሮግራም የምትማሩ ልጆች፣ መቁጠር ከዜሮ ይጀምራል ስትባሉ የምታጉረመርሙት፣ የቆሎ ተማሪ ይህን በቃሉ ሲወጣው ኖሯል።

ግን ወደ ነገሬ የሚያገባኝ ሌላ ነው። ሊቃውንቱ «ሦስተኛው ዙር» አይሉም። እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል። ከማኅተም ወጥቶ ወደ ቀመር የሚሄድ ሰው የት እንደሚደርስ ያውቃል። የቦርን ሼልና ከእሱ የወረሰው ባሽ ግን ለዙር ስም አይሰጡም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ባሽን ብሪያን ፎክስ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ይህን ሕግ እንዳለ ተቀበለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ቁጥሩን እየጠላሁት መጥቻለሁ።

ለምን ብትሉ፣ ታክሲ ውስጥ «ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አውርደኝ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው አይታችኋል? «ተክለ ሃይማኖት ወራጅ አለ» ነው የምንለው። ቦታውን እንጠራለን። በመካከል አዲስ ፌርማታ ቢጨመር የጠራነው ቦታ አይለወጥም፤ የቆጠረ ሰው ግን ሌላ ሰፈር ይወርዳል። የእኔም ብሬክ 3 የገጠማት ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ግምጃ ቤት ከፈተ። እኔን የተካው ወጣት ባለሙያ ከሁሉም ውጭ አራተኛ ዙር ጨመረ፦ «ግምጃ ቤት 1 ወይስ 2?» የሚል። ጥሩ አድርጎ ሠራው። ብሬክ 3ን ግን አልነካትም፤ ለምን ይነካታል? እሷም እንደታዘዘችው ከሦስት ዙር አወጣች፣ አራተኛው ላይ ጣለች። መውጫ የተባለው ቁልፍ ግምጃ ቤት የሚያስመርጥ ሆነ። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ የራሱን ኮድ ሲመረምር ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኳት አንዲት አሐዝ።

ይህን ክርክር ዓለም ከእኛ በፊት አድርጎታል። ጃቫ ለዙር ስም ሰጥቶ በስሙ መውጣት ይፈቅዳል። ፓይተን ይፍቀድ ተብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም አልቀበልም አለ። እንዲህ የተወሳሰበ ኮድ እምብዛም አይገኝም፣ ቢገኝም ፈንክሽን፣ ማለትም በስም የሚጠራ የትእዛዝ ጥቅል፣ ጽፎ በሪተርን መውጣት ይቻላል የሚል ነበር መልሱ። እኔ በዚህ ከጊዶ ጋር ነኝ። በሼልም ያለን ንጹሕ መንገድ ይኸው ነው። እያንዳንዱን ሜኑ ፈንክሽን አድርጉት፤ ስም ይኖረዋል፦ ዋና ሜኑ፣ ሞዴል 19፣ አዲስ ቅጽ። «ተመለስ» ማለት ሪተርን ነው፤ ወደ ጠራኝ ልመለስ ማለት። ከሁሉም ለመውጣት ደግሞ ኤግዚት አለ፣ ወይም ሪተርን ከቁጥር ጋር ሰጥታችሁ ከላይ ያለው አይቶ እንዲወስን ማድረግ። በመካከል ስንት ዙር ቢጨመር «ወደ ጠራኝ» ትርጉሙ አይለወጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብሬክን ራሷን ፈንክሽን ውስጥ አስገብታችሁ ከውጭ ያለውን ዙር እንድትሰብርላችሁ አትጠብቁ። በድሮው ባሽ ትሠራ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ4.4 ወዲህ ግን ፈንክሽን ውስጥ ያለች ብሬክ የደጁን ዙር አታውቀውም። አሮጌ ስክሪፕት ይዛችሁ አዲስ ሰርቨር ላይ ስትጭኑ «ትናንት ይሠራ ነበር» የምትሉት አንዱ ይህ ነው።

ብሬክ ቦታዋን ስትስት የሚደርሰው ጥፋት የግምጃ ቤት ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 15 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤቲኤንድቲ የረጅም ርቀት ስልክ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ታመመ። በእኛ ጥር 7 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ የሥላሴ ዕለት ነው። ኒው ዮርክ ያለ አንድ ማዞሪያ ተበላሽቶ ራሱን አስተካክሎ «ተመልሻለሁ» ብሎ ለጎረቤቶቹ መልእክት ላከ። ጎረቤቶቹ መልእክቱ ተከታትሎ ሲደርሳቸው ራሳቸው ወደቁ፤ ሲነሡ እነሱም «ተመልሻለሁ» አሉ፣ ቀጣዮቹም ወደቁ። 114 ማዞሪያዎች እንዲህ ሲነሡና ሲወድቁ ዋሉ። ምክንያቱ በሲ ቋንቋ በተጻፈ ማሻሻያ ውስጥ ያለች አንዲት ብሬክ ነበረች። የሲ ኬስ በሆነው ስዊች ውስጥ ባለ ኢፍ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ጸሐፊው ከኢፉ ታስወጣለች ብሎ አሰበ፤ እሷ ግን ኢፍን አታውቅም፣ ከስዊቹ አስወጣች፣ መሠራት የነበረበትም ሳይሠራ ቀረ።

እዚህ ላይ ከሲ ወደ ሼል ለምትሻገሩ ልጆች። በሲ፣ ስዊች ብሬክን ይበላታል፤ ዙር ውስጥ ያለ ሜኑ ላይ «9 ከሆነ ብሬክ» ብትሉ ከስዊቹ እንጂ ከዙሩ አትወጡም። በሼል ግን ኬስ እንደ ዙር አይቆጠርም፤ ብሬክ ቀጥታ ዙሩን ትሰብራለች። የሲ ልማድ ይዛችሁ በየምርጫው መጨረሻ ብሬክ ከጻፋችሁ ሜኑው አንድ ሥራ ሠርቶ ይዘጋል። ከኮርን ሼል የመጣው ሰሌክት ግን ራሱ ዙር ነው፤ በቁጥሩ ይገባል። ዋይል ውስጥ ሰሌክት ካለ፣ ሁለት ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ፤ ይህኛው ከመውጣት ይልቅ ከመስማት ጋር የተያያዘ ነው። 40 የድሮ ተጠቃሚዎች ስም በፋይል ይዤ አንድ በአንድ እያነበብኩ «ይሰረዝ?» ብዬ የምጠይቅ ስክሪፕት ጻፍኩ። ውጭው ዙር ስሙን ከፋይሉ ያነባል፤ ውስጡ መልሴን ከቁልፍ ሰሌዳው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። አስነሣሁት። ሳይጠይቀኝ በቅጽበት አለቀ፤ 20 ሰው ተሰርዟል። የውስጡም ሪድ የሚያነበው ከዚያው ፋይል ነበር ለካ! የአንዱን ሰው ስም አነሣና መልስ ብሎ የተቀበለው የቀጣዩን ሰው ስም ነው። ጥያቄውም አልታየኝም፤ ምክንያቱም የሪድ መጠየቂያ ጽሑፍ የሚታየው ንባቡ ከቁልፍ ሰሌዳ ሲሆን ነው። እኔ ደግሞ «አይ» ካልተባለ እሺ ማለት ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ያን ዕለት ሌሊቱን መጠባበቂያ ቅጂ ስመልስ አደርኩ። መፍትሔው ዝርዝሩን በሌላ በር ማስገባት ነው። የሼል በሮች በቁጥር ይጠራሉ፤ 0፣ 1 እና 2 የተያዙ ናቸው፤ 3 ክፍት ነው። ፋይሉ በ3 ይግባ፣ ሰው በ0 ይናገር። ዝምታንም ደግሞ እሺ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ሰው ዝም ሲል ምን ይሆናል የሚለው ሌላም መልክ አለው። ተጠቃሚው ኮንትሮል ዲ ሲጫን ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ሪድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሜኑአችሁ «ባዶ ከሆነ የተሳሳተ ምርጫ በለውና እንደገና ጠይቅ» ካለ፣ ማንም በሌለበት በሰከንድ እልፍ ጊዜ «የተሳሳተ ምርጫ» እያለ ይጮሃል። ጠዋት ስትገቡ ሰርቨሩ ግሏል። ሪድ መሳካቱን ጠይቁ፣ ካልተሳካ ውጡ።

የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ስለሚያሻግረው ፓይፕ በአጭሩ። ዝርዝርን በፓይፕ ወደ ዋይል ካስገባችሁ ያ ዙር በባሽ ዘንድ የሚኖረው በልጅ ሼል ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ኤግዚት ብትሉ የሚሞተው ልጁ ነው፤ አባቱ ሜኑውን እንደገና ይከፍታል። «ይብቃ» የሚል ምልክት ብታስቀምጡም ከልጁ ጋር ይቀበራል፤ አባቱ አይሰማም። ከፓይፕ ይልቅ ፋይሉን ወደ ዙሩ በቀጥታ አቅኑት።

ጨለመ መሰለኝ፤ ታክሲ የሚሻማ አለ። ብሬክ 3ን አስተካክዬ ግምጃ ቤቱ ያስገባሁ ዕለት የሆነውን ግን ገና አልነገርኳችሁም።

ሥራው ተፈትሿል፣ ቅጹ ይቀመጣል፣ አንድ 0 ከሦስቱም ዙር ታስወጣለች። ኩራት ኩራት ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር ዛሬ አላውቅሽም አለኝ!»

«ምን አድርገው ነው እትዬ?»

«ምንም! እንደ ሁልጊዜው ነው ያደረግኩት።»

እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ወረቀቱ። የመጀመሪያዋ 0 ከሁሉም አስወጣቻቸውና ማሽኑ አዲስ ሰው እንደመጣ ስም ጠየቀ። ሁለተኛዋን 0 ስማቸው ነው ብሎ ተቀበለ። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ 9 አሉት። 0 የሚባል ሰው በመዝገቡ የለም።

«ያቺን ወረቀት ይንቀሏት፤ አሁን አንድ 0 ብቻ ይበቃል» አልኳቸው። እሺ ብለው ዘጉ። በማግስቱ ጎራ ስል ወረቀቷ የለችም። በቦታዋ ሌላ፣ ሰፋ ያለች፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች ተለጥፋለች፦ «አንድ ጊዜ ብቻ! ከዚያ እጅሽን አንሺ»።